ዘጋቢ ናት እንጂ ፖሊስ አይደለችም፤ ታዲያ ገዳዩን እንዴት ታግኘው?

ሦስተኛ ረቂቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመርማሪ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዓይነቱ ኮዚ ሚስትሪ ነው። ደም የለም፣ ማሳደድ የለም፣ ጭካኔ በዝርዝር አይነገርም። የሚገደል ሰው ግን አለ፤ ያለሱ እንዴት ይሆናል?

ቦታው እኔ የፈጠርኩት የገጠር ማኅበረሰብ ነው። ዘመኑ ኮምፒዩተር ገና ያልገባበት፣ ፎቶ በፊልም የሚነሳበት ነው። አራት ሰው የሚሠራበት ጋዜጣ አለ። ሳምንታዊ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ይወጣል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የጋዜጣው ብቸኛ ዘጋቢ ናት። አንድ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ይሞታል። ሽማግሌ ነው፣ ልቡንም ያመዋል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እሷ ግን አንድ ነገር ይከነክናታል። መጨረሻ ላይ ሰውዬው እንደተመረዘ ይታወቃል። ምክንያቱ ድሮ የተቀየረ የመሬት ወሰን ነው።

ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «ይቺ ሴትዮ ዘጋቢ አይደለችም፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘች ፖሊስ ናት» አለችኝ። ነገሩ ይኼው እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ዘጋቢዋ ከቤት ቤት እየዞረች «ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?» ትላለች። ሰዉም ይመልስላታል። ለምን እንደሚመልስላት ግን እንጃ።

ሌላም አለ። ገጠር ውስጥ ሰው ሁሉ «ይኼን እንዳትጽፊው» እያለ ነው የሚያወራት። በዚህ መንገድ የሰማችውን ተጠቅማ ገዳዩን ብታጋልጥ፣ ዘጋቢነቷ ምኑ ላይ ነው? ባትጠቀምበት ደግሞ ታሪኩ ይቆምብኛል። ለጊዜው ምዕራፍ 20 ላይ በአንድ መስኮት ሥር ስታልፍ ገዳዩ ለሚስቱ ሲናዘዝ ትሰማዋለች። መርዙንም ገና አልወሰንኩም። አርሴኒክ አስቤ ነበር።

እስቲ ሐሳብ ስጡኝ። አታባብሉኝ ብቻ።

የማታ አንባቢ፦

ኧረ በናትሽ ያቺን መስኮት ዝጊያት!

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ግን ይኼን ዓይነት መጽሐፍ እንደ ጉድ ነው የማነበው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነበር፤ ከስብከቱ ጎን የመርማሪ ልቦለድ ይጽፍ ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት ድርሰት አሥር ሕጎች አወጣ። ግማሹ ቀልድ ነው። ምስጢራዊ ክፍል ከአንድ በላይ አይፈቀድም ይላል፤ አንዱን ለምን እንደፈቀደ እሱ ያውቃል። ስድስተኛው ግን ቀልድ አይደለም። መርማሪውን አጋጣሚ አይርዳው ነው የሚለው። ስምንተኛው ደግሞ መርማሪው ፍንጭ ካገኘ ወዲያው ለአንባቢውም ያሳየው ይላል።

እኔ መጽሐፉን የማነበው ካንቺ ዘጋቢ ቀድሜ ገዳዩን ለመያዝ ነው። እሷ በመስኮት ሥር አልፋ ከሰማችው እኔ ምን ዕድል ነበረኝ? ያን ሁሉ ገጽ ያሰብኩት ለምኑ ነው?

ደግሞ ዘጋቢዋን ሚስ ማርፕል አታድርጊያት። እንግሊዛዊቷ የመርማሪ ልቦለድ ጸሐፊ አጋታ ክሪስቲ የፈጠረቻት አሮጊት መርማሪ ማርፕል ሥራ የላትም። ሹራብ እየሠራች ትሰማለች፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። በ1930 ከወጣው የመጀመሪያ ልቦለዷ ጀምሮ ዘዴዋ ያው ነው። አንዱን ተጠርጣሪ ስታይ መንደሯ ውስጥ የምታውቀው ሌላ ሰው ትዝ ይላታል። ዘጋቢ ግን ስትመጣ ሰው ወሬውን ይቀይራል። ይኼ ልዩነት ታሪክሽ ውስጥ የለም።

ተጠርጣሪ አምስት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ማን የማን አጎት እንደሆነ ይጠፋብኛል።

ጡረተኛ ብዕር፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ የተናገረችው ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው። እኔ ወጣትነቴን የፈጀሁት ልክ አንቺ እንደምትዪው ባለ ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። ስሙ ይቆየን። እዚያ ያየሁትን ልንገርሽ።

የትንሽ ጋዜጣ ዘጋቢ «የት ነበርክ?» አትልም። ሰው ራሱ ነው የሚመጣላት። አንዱ የልጁ ስም እንዲወጣለት ይፈልጋል። ሌላው የወንድሙ ስም እንዳይወጣበት ይፈልጋል። ዜና ፍለጋ የሚመጣ የለም። ሐሙስ ሲደርስ ወሬውን ሁሉም ሰምቶታል። ጋዜጣውን የሚገዙት እኛ በትክክል ጽፈነው እንደሆነ ለማየት ነው። ስህተት ካገኙብን ደስታቸው!

ስለዚህ ዘጋቢሽን ምርመራ ላይ አታሰማሪያት። ሥራዋን ትሥራ። ፍንጩ እዚያው ሥራዋ ውስጥ ይምጣ።

ከሐዘን መግለጫው ጀምሪ። ቀያሹ ሲሞት ስለ እሱ የምትጽፈው እሷ ናት። ቤተሰቡ ጋ ትደውላለች። መቼ ተወለደ፣ የት ሠራ፣ ማን ማን ተረፈው? ይኼ ማንም የማይጠረጥረው ጥያቄ ነው፤ ፖሊስ እንኳ እንዲህ በነፃነት አይጠይቅም። ሁለት ዘመድ ጋ ብትደውል ሁለት የተለያየ ዝርዝር ይሰጧታል። አንዱ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ስም አለ። የኔ ልምድ፣ የሐዘን መግለጫ ውስጥ ትልቁ ወሬ የተዘለለው ሰው ነው።

ቀጥሎ ማስታወቂያው። በብዙ አገር አንዳንድ የመሬት ሽያጭ፣ የውርስና የወሰን ጉዳይ በጋዜጣ እንዲነገር ሕጉ ያስገድዳል። በደቃቅ ፊደል በመጨረሻው ገጽ ይወጣል። ከጉዳዩ ባለቤት በቀር የሚያነበው የለም። ጋዜጣው ቤት ደግሞ የድሮ እትሞች በዓመት በዓመታቸው ተጠርዘው ይቀመጣሉ። የወሰኑ ነገር እዚያ ጥራዝ ውስጥ ታትሞ ይገኝ። አደራሽን፣ «ገጹ ተቀዶ አገኘችው» እንዳትዪን። እሱ ሰልችቶናል። ገጹ ይኑር። ለማንም ክፍት በሆነ መደርደሪያ ላይ ይኑር።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ወደ እርማቱ። ትልቅ ጋዜጣ ላይ እርማት የጠበቃ ጉዳይ ነው። ትንሽ ጋዜጣ ላይ ግን የስም ጉዳይ ነው። ቀያሹ ከመሞቱ ሳምንታት በፊት በሆነ ስብሰባ ላይ የቡድን ፎቶ ተነሳ እንበል። ከሥሩ «ከግራ ወደ ቀኝ» ተብሎ ስም ተዘረዘረ። አንድ ሰው ተዘለለ። በማግሥቱ እናቱ ትደውላለች። «ልጄ እዚያ ላይ ቆሟል፣ ከግራ ሦስተኛው፤ ስሙን ምነው ዋጣችሁት?» ዘጋቢዋ ይቅርታ ትጠይቃለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለት መስመር እርማት ይወጣል። ይኼን ምዕራፍ 3 ላይ እንደ ቀልድ አሳልፊው። አንባቢው ይስቃል፣ ይረሳዋል።

ምዕራፍ 18 ላይ ያ ስሙ የተዘለለው ሰው «እኔ በዚያ ቀን እዚያ አልነበርኩም» ይላል። በቃ።

ሁለተኛው ጭንቀትሽም እዚሁ ያልቃል። «እንዳትጽፊው» የተባለችውን አንዱንም መንካት አያስፈልጋትም። ገዳዩ ላይ የምታነሳው ማስረጃ ሁሉ ራሷ ያተመችው ነው። ሰው ሁሉ ገዝቶ አንብቦታል። የማታ አንባቢም እጁ ላይ ነበረ፣ እንደ ኖክስ ሕግ።

ፎቶውንም ተጠቀሚበት። አንድ ጥቅልል ፊልም እስከ 36 ፎቶ ይይዛል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው አንዱ ነው። ቀሪው ኔጋቲቭ፣ ማለትም የታጠበው ፊልም፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ቀን ተጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ውስጥ የማይታይ የለም። ዓይኑን የጨፈነ፣ ጀርባውን ያዞረ፣ ማንም ያላየው መስሎት የሰው ክንድ የያዘ።

ክኒን ቆጣሪ፦

ፋርማሲስት ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ አርሴኒክን ተዪው። አርሴኒክ የሚያጠቃው ሆድ ዕቃን ነው። ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል፤ የልብ ሕመም አይመስልም። ከ1836 ወዲህ ደግሞ ጄምስ ማርሽ የሚባል ኬሚስት ባሳወቀው ዘዴ ከሬሳ ውስጥ እንኳ ይገኛል። ሐኪሙ «ልቡ ነው» ብሎ እንዲፈርም ከፈለግሽ ራሱ የልብ መድኃኒቱ ይሻልሻል። ከዲጂታሊስ ተክል የሚወጣ የቆየ መድኃኒት አለ። በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ሽማግሌ ሰው ኩላሊቱ ከደከመ ደግሞ በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ የልብ ምት ይዛባል። ይኼን ሁሉ ሐኪም ከሕመሙ ጋር ቢያምታታው አይፈረድበትም።

ለልቦለድ የተፈጠረ የሚመስል አንድ ምልክት ደግሞ አለው። የበዛበት ሰው ነገሮችን ቢጫ ወይም አረንጓዴ አድርጎ ሊያይ ይችላል። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ስለ ተክሉ ሲጽፍ ይኼንንም መዝግቦታል። እንግዲህ አስቢው። ቀያሹ ከመሞቱ በፊት ጋዜጣው ቢሮ መጥቶ «ምነው በቢጫ ወረቀት ማተም ጀመራችሁ?» ብሎ ይቆጣል። ዘጋቢዋ የሽማግሌ ነገር ነው ብላ ታልፈዋለች። ወረቀቱ ግን ነጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ከጋሼ ጡረተኛ ብዕር ጋር አልስማማም። እንዲህ ያለ መርዝ ቀስ እያለ ነው የሚጠራቀመው። ገዳዩ «በዚያ ቀን አልነበርኩም» ቢል ባይል ምን ለውጥ ያመጣል? ቀኑ አይደለም ጥያቄው። ወደ ክኒኑ ማን ይደርስ ነበር ነው ጥያቄው።

(በነገራችን ላይ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች። መርዞቿ ላይ እኛ የሙያው ሰዎች ብዙም ነቀፋ የማናነሳው ለዚህ ነው።)

ሦስተኛ ረቂቅ፦

የቢጫውን ወረቀት ነገር ሳነብ ጮኬአለሁ። ወስጄዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካብኝ።

ጋሼ፣ እርማቱን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ክኒን ቆጣሪ ያለችው አለ። እኔም አንድ ልጨምርብዎት። ገዳይ የሆነ ሰው እናቱ ለጋዜጣ ስትደውል ዝም ብሎ ያያል? ደግሞስ ጋዜጣው ሲወጣ አያነበውም?

ጡረተኛ ብዕር፦

ክኒን ቆጣሪ ልክ ነሽ፣ እቀበላለሁ። ቀኑን እንተወው፤ ቦታውን እንያዝ። ፎቶው የተነሳው ቀያሹ ቤት ውስጥ ይሁን። ለምሳሌ ጋዜጣው ስለ ሰውዬው የረጅም ዘመን ሥራ ሊጽፍ ሄዶ፣ የመጡት ጎረቤቶች አብረው ተነስተዋል። በወሰን ጉዳይ የተጣላው ሰው ደግሞ «እኔ የዚያን ሽማግሌ ደጃፍ ከረገጥኩ ዘመን የለኝም» እያለ ነው የሚምለው። እናቱ ሳታውቅ ቤቱ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ኔጋቲቮቹን ተመልከቺ። በሌላው ፎቶ ላይ መድኃኒቱ ካለበት መደርደሪያ አጠገብ ነው የቆመው።

እናቱ መደወሏን ላልሽው፣ እርግጥ አያውቅም። እሷ ፎቶውን ስታይ ያየችው ልጇን ነው። ስሙ ስለተዘለለ ከፋት። አስፈቅዳው የምትደውል ይመስልሻል? እኔ ዘንድ ከሚደውሉት አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ኋላ ነው የሚሰሙት፣ ያፍራሉ። እርማቱን ቢያነበው እንኳ በዚያ ሰዓት ቀያሹ ገና በሕይወት አለ። ሄዶ «አጥፉልኝ» ቢል ነው የሚጋለጠው። ዝም ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? ሁለት መስመር ናት፣ ማንም አያስታውሳትም ይላል። ከዘጋቢዋ በቀር ማንም ባላስታወሳት ነበር፤ እሷ ደግሞ የምታስታውሰው ስህተቱ የራሷ ስለሆነ ነው። ዘጋቢ የጻፈችውን ትረሳለች፣ እርማቷን ግን አትረሳም።

አንድ ነገር ግን እንዳታቀልዪው። ኔጋቲቩን ለፖሊስ ትሰጣለች ወይስ አትሰጥም? ያልታተመ ፎቶ ለፖሊስ አሳልፎ መስጠት ጋዜጣ ቤት ውስጥ ትልቅ ጠብ ነው። ዛሬ ነፍሰ ገዳይ እንዲያዝ ብለሽ ሰጠሽ፣ ነገ ፖሊስ ስብሰባ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ሊለቅም ይመጣል። ከዚያ በኋላ ካሜራ ይዘሽ ስትገቢ ሰው ፊቱን ይሸፍናል። አዘጋጁ «አይሆንም» ይበላት። እሷ ትጩህበት። ሁለቱም እውነት ይኑራቸው። ይኼ ትዕይንት ከግድያው ይልቅ ልብ የሚሰቅል ሊሆን ይችላል።

የማታ አንባቢ፦

ጋሼ እርስዎ ራስዎ ለምን አይጽፉም?

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሊሊያን ጃክሰን ብራውን የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ ነበረች። መርማሪዋ ክዊለራን የሚባል ጋዜጠኛ ነው። በ1966 ስትጀምረው ከተማ ውስጥ ነበር፤ ከጥቂት መጻሕፍት በኋላ ገጠር አስገባችው፣ ተከታታዩም የቆየው እዚያ ነው። እሷ ራሷ በዲትሮይት ከተማ ጋዜጣ ላይ 30 ዓመት ያህል ሠርታለች። ያስታውቃል። ሰዎቹ ወደ ጋዜጣው ሰው የሚመጡበት ምክንያት ሁልጊዜ ትንሽ ናት፤ አንዷ ማስታወቂያ ይዛ ትመጣለች፣ አንዱ ቅሬታ ይዞ። እንደ አንባቢ ልናገር፣ ይኼን ዓይነት መጽሐፍ ደግሜ የማነሳው ለገዳዩ ብዬ አይደለም። ገዳዩንማ አውቄዋለሁ። ሰዎቹ ጋ ለመመለስ ነው። ስለዚህ ያቺን እናት አደራ። ጥሩ አድርገሽ ጻፊያት፣ ደውላ ስትቆጣ እንውደዳት።

ብራውን ሁለት ድመቶች አሏት፣ መርማሪውን የሚረዱ። አንቺ ድመት እንዳታስገቢ። ድመት በዝቷል።

ሦስተኛ ረቂቅ፦

ድመት የለም። ፍየል ግን አለች፣ ምንም አትመረምርም።

እንዲህ አስቤያለሁ። መስኮቷ ተዘግታለች። ቀያሹ በቢጫው ወረቀት ሲቆጣ ምዕራፍ 2 ላይ ይሆናል፣ የእናትየው ስልክ ምዕራፍ 3። «የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የሐዘን መግለጫው የምዕራፍ 5 መነሻ ነው። ኑዛዜም አይኖርም። የሚከብደኝ ከመጨረሻው በፊት ያለው ምዕራፍ ነው። ዘጋቢዋ ያንን ስልክ የደወለችው እናት ቤት ተመልሳ መሄድ አለባት። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት እርማቱን ቆርጣ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ምን ብላ ትጀምር?

ጡረተኛ ብዕር፦

ለምን እንደመጣች ትንገራት፣ ገና በሩ ላይ ሳለች። ከመቀመጧ በፊት። «ስለ ልጅሽ ነው የመጣሁት፣ የምትነግሪኝን ልጽፈው እችላለሁ» ትበላት። ሴትዮዋ በሩን ብትዘጋባትም ትዝጋው። ገብታ፣ ተጫውታ፣ አዋዝታ ካወጣጣቻት ዘጋቢነቷ እዚያው ያበቃል፤ አንባቢውም አይወድላትም። በሩ ከተዘጋባት ደግሞ ምዕራፉ አይጎዳም። የሚያስፈልጋት ነገር በእጇ ነው። የሄደችው ለማስረጃ አይደለም፣ ሴትዮዋ ነገሩን ከጋዜጣ እንዳታነበው ነው።

ሌላ፣ እርማቱ ምዕራፍ 3 ላይ ሲወጣ ቃል በቃል አስቀምጪው፣ ከጠፋች ጊደር ማስታወቂያ ሥር። ጊደሯ ላይ ሦስት መስመር አባክኚ። ቀለሟን፣ ጆሮዋ ላይ ያለውን ምልክት ጻፊ። የአንባቢው ዓይን እዚያ ይቆይልሻል።

የማታ አንባቢ፦

ጊደሯ ግን ትገኝ። ምዕራፍ 20 ላይም ቢሆን። ካልተገኘች እኔም ስልክ እደውላለሁ።

ክኒን ቆጣሪ፦

ከማሳተምሽ በፊት የመድኃኒቱን ክፍል ላኪልኝ። መጠን እንዳትጽፊ ብቻ፤ ልቦለድ ነው፣ ማዘዣ አይደለም። ገዳዩን ደግሞ ቀይሪው፣ እዚህ ያለነው ሁላችን አውቀነዋል።

ሦስተኛ ረቂቅ፦

ማን ነው አልቀይረውም ያለው? ፎቶው ላይ ከግራ ሦስተኛው ብቻ አይደለም የቆመው።

የማታ አንባቢ፦

አዘጋጅ፣ እባክህ ይኼን ገጽ ዝጋልን። መጽሐፉን ልገዛ ነው።